ለየኔታ የተፈጨው ሥጋ

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ጎንደር ሄጄ ወደ ፒያሳ ስወጣ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት በር ላይ እግሬ ቀጥ አለ። የሚቁላላ ሽንኩርት፣ የበሰለ ቲማቲም፣ የተፈጨ ሥጋ፣ በዚያ ላይ አቼቶ ሸተተኝ። የያዘኝ አቼቶው ነው። ሽንኩርትና ሥጋ የትም ይሸታል፤ አቼቶ ጠብ፣ ስኳር ነስነስ የሚያደርግበት ሰው ግን እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነበር። ገብቼ ምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ልጅቷ «ሳንዱች ነው፣ በስጎ» አለችኝ። ሁለት አዘዝኩ፤ አንዱን ቆሜ፣ አንዱን ተቀምጬ በላሁ። ክፉ አልነበረም። የኛን ግን አያክልም። ለኛ ማዳላቴም አይፈረድብኝም፤ መፍጫውን ያዞርኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ቀሐ ወንዝ አጠገብ ነው። የምንኖረው እናቴ፣ እኔና የእናቴ አባት የኔታ ነን፤ አባቴ ሹፌር ስለነበር ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ያድራል። የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን አቋቋም ሲያስተምሩ ኖረው በእርጅና ያቆሙ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ስለሚላቸው እኔም የኔታ እላቸው ነበር። አያቴ መሆናቸው የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ለጊዜው ያዋሰችን ሰው ይመስሉኝ ነበር።

የእናቴ ታናሽ እህት ማንጠግቦሽ ከቤሩት የመጣችው የዚያን ዓመት ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ መመለሷ ነበር። ስትሄድ አራት ዓመቴ ስለነበር ፊቷን አላስታውሰውም፤ ድምፅዋን ግን በስልክ አውቀዋለሁ። ደጃፉ ላይ የኔታ ብድግ ብለው ትከሻዋን ሳሟት፤ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» አሉና ቦታቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። እናቴ ኋላ እንደነገረችኝ ስትሄድ ከአባቷ ጋር ሸጋ መለያየት አልተለያዩም።

ሁለት ሻንጣ ነበራት። አንደኛው ልብስ ነው። ሁለተኛው ግን እንደ ድንጋይ ይከብድ ነበርና ሻንጣውን የተሸከመው የሰፈር ጎረምሳ ወርቅ ነው ብሎ አስወርቶ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጣ። ሲከፈት የወጣው አንድ የብረት ዕቃ ነው፦ አፉ ሰፊ፣ ሆዱ ጠመዝማዛ፣ ጎኑ ላይ እጀታ ያለው፣ ከሥሩ ጠረጴዛ ላይ የሚጠብቅ ቡሎን ያለው። «የሥጋ ወፍጮ ነው» አለችኝ። ወፍጮ ቤት ተልኬ ስለማውቅ ናፍጣው በየት በኩል እንደሚገባ ስፈልግ ቆየሁ። ጎረቤቶቻችን ሻያቸውን ጠጥተው ቅር እያላቸው ሄዱ።

ጾም ስለነበር ዕቃው በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ላይ ወጣ። እኔ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንበር ላይ ቆሜ ጨርቁን ገለጥ አድርጌ አየዋለሁ። በሕይወቴ ፋሲካን እንደዚያ ዓመት ናፍቄ አላውቅም። እናቴ እንኳ «ይቺ ልጅ ምን መንፈሳዊ ሆነች» ብላ ለጎረቤት አውርታልኛለች።

ፋሲካ መጣ። ከጎረቤት ጋር ከገባንበት ቅርጫ ድርሻችን በትልቅ ሰፌድ ደረሰን። ሁላችንም ከበን ስንበላ የኔታ ቅቤ የፈሰሰበት ሽሮና አንድ ብርጭቆ ወተት ነበር ፊታቸው። አክስቴ ጥብሱን ብታቀርብላቸው እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው «ጥርሴ እሺ አይለኝም፣ እናንተ ብሉ» አሉ። ወጥ ቤት ስንገባ እናቴን ጠየቀቻት።

«እታለም፣ ጥርሳቸው እንዲህ የሆነው መቼ ነው?»

«አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ነው እንጃ። ሥጋ ካቀረብኩላቸው ጥርሴ ይላሉ። እኔም ተውኳቸው።»

«ጥርስ ከሆነማ መድኃኒቱ ቁምሳጥን ላይ ነው» አለች አክስቴ። እኔ ያን ጊዜ ወንበሩን ይዤ እየሮጥኩ ነበር።

በማግሥቱ ወፍጮው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ታሰረ። እሷ ሥጋውን በቁራጭ በቁራጩ እየጣለች እኔ እጀታውን አዞራለሁ። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ከዚያ በስተፊት ካሉት ቀዳዳዎች እንደ ቀይ ክር የመሰለ ነገር ብቅ ብቅ ሲል በደስታ ጮህኩና እጀታውን ለቀቅሁት፤ ተመልሶ ክርኔን መታኝ። አላለቀስኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ እጀታ የኔ ሥራ ሆነ፤ የሰፈር ልጆች መስኮቱ ላይ ተሰልፈው «አንዴ ላዙር» እያሉ ሲለምኑኝ «ልምድ ይጠይቃል» እል ነበር።

አክስቴ ሽንኩርት የምታቁላላው እንደ እናቴ አይደለም። እናቴ ዘይት የምታስገባው የሽንኩርቱ ውኃ አልቆ ሊያር ሲል ነው። አክስቴ ግን መጀመሪያ ዘይት፣ ከዚያ ሽንኩርት፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ የፈጨነውን ሥጋ ትጨምራለች። በማንኪያ ጀርባ እየፈረፈረች ቡናማ እስኪሆን ታገላብጠዋለች። ቲማቲም ከተፈችበት፤ ከቆርቆሮ የቲማቲም ድልህ ጨመረችበት፤ ለአባቷ አፍ እንዲስማማ ብላ ግማሽ ማንኪያ በርበሬ ነሰነሰችበት። እናቴ እዚህ ድረስ በር ተደግፋ ታይ ነበር። የስኳሩ ዕቃ ሲነሳ ግን አላስቻላትም።

«ምነው ማንጤ፣ ሻይ ነው እንዴ?»

«ቆይ ቅመሺው።»

ከዚያ አቼቶው ገባ። እንፋሎቱ ዓይናችንን አቃጥሎ ሦስታችንንም አስለቀሰንና ሳቅን። ድስቱ ቡልቅ ቡልቅ እያለ መረቁ ሲወፍር እኔ ወደ ዳቦ ቤት ተላክሁ። ትኩስ ክብ ፉርኖ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ደረቴን እያቃጠለኝ ስመለስ ከወንዙ ዳር እስከ ቤታችን የሮጥኩት ቆሜ ሳልተነፍስ ነው። ዳቦው ለሁለት ተከፈለ፤ ስጎው በጭልፋ ተደረገበት፤ ሲጫኑት በአራቱም በኩል ፈሰሰ። የመጀመሪያውን ጉርሻ እናቴ ቀመሰች። ጣቷን ላሰችና «ስኳሩ አይታወቅም» አለች፤ ከእናቴ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

የኔታ ፊት አቀረብንላቸው። አዩት። «ይህ ጥርስ አያስፈልገውም አባቴ፣ በድድም ይበላል» አለች አክስቴ። የኔታ ሳህኑን በእጃቸው ጀርባ ቀስ ብለው ገፋ አደረጉና «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ» አሉ።

እኔ ምክንያቱን ወዲያው ደረስኩበት። እኛ ቤት ዳቦ ሳይባረክ አይቆረስም። የኔታ ቢላዋውን ይዘው ጸልየው፣ ዳቦው ላይ በመስቀል ምልክት አማትበው፣ መጀመሪያ የሚቆርሱት እሳቸው ናቸው። እኛ ግን ቆርጠን፣ ሞልተን፣ ጨርሰን ነው ያመጣንላቸው። ሳይባረክ የተቆረጠ ዳቦ እንዴት ይብሉ? ይህን ለአክስቴ ስነግራት ዓይኗ በራ። በሚቀጥለው ጊዜ ፉርኖውን ሳንነካ በሰፌድ አቀረብን። የኔታ ደስ ብሏቸው ባረኩ፤ ቆረሱ። አክስቴ የቆረሱትን ተቀብላ እዚያው ፊታቸው ስጎውን ሞልታ መለሰችላቸው። እሳቸው ግን ከሌላው ዳቦ ያለ ስጎ ቆርሰው በሉ። የሞላችላቸውን ለኔ ሰጡኝ።

ቀጥሎ ጋቢያቸው እንዳይቆሽሽ ፈርተው ይሆናል ብዬ የእጅ ፎጣ አንገታቸው ላይ አሰርኩላቸው። ከዚያ በርበሬው አንሶ ይሆናል ብለን ጨመርን፤ በዝቶ ይሆናል ብለን ቀነስን። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም የማይጾምበት ሃምሳ ቀን ነውና ቤታችን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ስጎ ይሠራል። ሰፈሩ ዝናውን ሰማ። «የማንጠግቦሽ ሳንዱች» እየተባለ የታመመ ሊጠየቅ ሲኬድ ሳይቀር ይወሰድ ጀመር። ትምህርት ቤት ለምሳ ይዤ ስሄድ ከኋላ ወንበር ያሉት ወንዶች እንኳ ስሜን በአክብሮት ይጠሩኝ ነበር። እንደ እኔ ያለ ደስተኛ ልጅ በጎንደር ከተማ አልነበረም። የቀረን የኔታ ብቻ ናቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ አክስቴና እናቴ ግቢ ልብስ ሲያሰጡ እኔ ከአንሶላው ማዶ ተቀምጬ የቤት ሥራ እሠራ ነበር።

«ጥርስ ነው አልሽኝ፤ ፈጨሁላቸው» አለች አክስቴ። «ትናንት በረንዳ ላይ ቆሎ ሲቆረጥሙ ሰማኋቸው እኮ እታለም። ገብስ የሚቆረጥም ጥርስ እንዴት የተፈጨ ሥጋ ያቅተዋል?»

እናቴ አንሶላውን ገመዱ ላይ አስተካከለች።

«የኔን እጅ ነው የተጸየፉት። በሰው አገር፣ በሰው ቤት ምን ስትበላ ኖራለች ብለው ነው። ንስሐ ገብቻለሁ፣ ጠበል ተጠምቄያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ያንቺን ሽሮ ይበላሉ፤ የኔን ይገፋሉ። አባቱ ከእጁ የማይበላለት ሰው እዚህ ምን ይሠራል?»

«እስቲ ታገሽ።»

«ታገስኩ። አሥራ ዘጠኝ ላይ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ ትኬቱን ይዣለሁ። ጓደኛዬ ሌላ ቤት አግኝታልኛለች፤ ከዚያ ወደ ቤሩት እመለሳለሁ።»

ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ማለት ስምንት ቀን ነው። እርሳሴን አስቀመጥኩ። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፦ የኔታ አንድ ሳንዱች ከበሉ እቴ ማንጠግቦሽ አትሄድም። ጉዳዩ በዚህ ካለቀ ለምን ሁለቱም ተቀምጠው ያዝናሉ?

በማግሥቱ ከድስቱ ሥር የቀረውን ስጎ ዳቦ ውስጥ አድርጌ በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የኔታ ከሰዓት በኋላ ቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ሥጋ ይዤ ቅጥር መግባት ስለፈራሁ ከበሩ ውጭ ቆሜ ተጣራሁ። መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ወጡ።

«ምነው ልጄ? ቤት ምን ሆነ?»

«ይኼን ይብሉ።»

ወረቀቱን ገልጠው አዩ። አሸተቱት። ጉሮሯቸው ወደ ላይ ወደ ታች ሲል አይቻለሁ፤ ዛሬም ድረስ እምላለሁ። ከዚያ ጠቅልለው መለሱልኝ። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ።

«እርስዎ ካልበሉ እቴ ማንጠግቦሽ ትሄዳለች» አልኩ እያለቀስኩ። «እጄን ተጸይፈውት ነው አለች። በአሥራ ዘጠኝ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ተመልሳ ቤሩት። ትኬት ይዛለች።»

የኔታ መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «ተጸየፉኝ አለች?» ብለው ጠየቁ። አዎ አልኩ። «በአሥራ ዘጠኝ። ከሃያ አንዱ ሁለት ቀን ቀድማ» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለመቋሚያቸው። ከዚያ «ብይው አንቺ፣ ይቀዘቅዛል» አሉኝ። በንዴት እዚያው ቆሜ በላሁት። እያንዳንዷን ጉርሻ በዓይናቸው ይከተሉ ነበር።

የዚያን ቀን ገበታ ላይ የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማንጠግቦሽ፣ ለግንቦት ሃያ አንድ ማርያም መካነ ብርሃን እወጣለሁ። የጥላ ስለት አለብኝ። ጥላውን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«እኔ እሄዳለሁ አባቴ» አለች እናቴ።

«አንቺን አላልኩም።»

አክስቴ አንገቷን ደፍታ «መንገዴ በአሥራ ዘጠኝ ነው» አለች።

«ትኬት ይለወጣል። ስለት አይለወጥም።»

«እሺ። ስንመለስ ግን እሄዳለሁ» አለች። እኔም ካልሄድኩ ብዬ እህል አልቀምስም አልኩና ተፈቀደልኝ። ያ ብቻ አይደለም፤ ለመንገድ ስጎ እንድትሠራ አክስቴን አስቸገርኳት። የኔታ ተወልደው ያደጉት ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን አጠገብ ነው። አገራቸው ሲገቡ፣ የአገራቸው ብርድ ሲነካቸው የምግብ ፍላጎታቸው ይከፈታል የሚል ተስፋ ነበረኝ። «የመጨረሻዬ ነው» አለችና ሠራችልኝ። እጀታውን ሳዞር ስለት ለኔም የሚሰማ መስሎኝ በየዙሩ ማርያም ማርያም እል ነበር።

በሃያ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርን። ስጎው በክዳን ዕቃ ጉልበቴ ላይ ነው። ከደባርቅ በኋላ መንገዱ ሲንገጫገጭ ክዳኑ ላላ፤ መኪናው በሙሉ አቼቶና ሥጋ ሸተተ። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው «ልጂት፣ ምንድን ነው ይህ ሸጋ ሽታ?» አሉኝ። ለአያቴ ነው አልኳቸው። የኔታ በመስኮት ገደሉን ሲያዩ ነበር። ደመናው ከታችን ነበር፤ ሰማይ ላይ የምንሄድ መስሎኝ መሬት እንዳንስት ወንበሩን ጨብጬ ያዝኩ።

ያረፍነው የየኔታ ታናሽ ወንድም አያ ቸኮለ ቤት ነው። በማግሥቱ ቅዳሴ አልቆ ታቦት ዑደት አድርጎ ሲገባ ሕዝቡ ቅጥሩን ሞልቶ ቆመ። ስለት ያለበት ሁሉ በተራ ይቀርባል፦ አንዱ ሻማ፣ አንዱ ምንጣፍ፣ አንዷ መጋረጃ። ቄሱ በተቀበሉ ቁጥር ሕዝቡ እልል ይላል። የኛ ተራ ሲደርስ አክስቴ ወርቅማ ዘርፍ ያለውን ጥላ ዘርግታ ይዛ ከየኔታ ኋላ ቆመች። ቄሱ ስማቸውን ሊጠሩ ሲሉ የኔታ «እኔው ልናገር» አሉ።

«አምስት ዓመቱ ነው» አሉ። የመምህር ድምፃቸው ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። «ልጄ ባሕር ተሻግራ ልትሄድ ስትል ተቆጣሁ። ምርቃቴን ነፈግኋት፤ ሳልመርቃት ሄደች። ከሄደች በኋላ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እመቤቴ ሆይ፣ ልጄን በደህና ብትመልሽልኝ ጥላ አገባልሻለሁ፤ ለበዓልሽ በእጄ እስካስረክብ ድረስም ሥጋ ወደ አፌ አይገባም ብዬ ተሳልሁ። ሰምታኛለች። መልሳልኛለች። ጥላውን የያዘችው እሷ ናት።»

እልልታው ጆሮዬን ደፈነው። ጥላው ከአክስቴ እጅ ሊወድቅ ሲል ሁለት ሴቶች ደግፈው ያዙላት። እኔ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ግን ቅዱስ አልነበረም። ጥርሳቸው ደህና ነበር ማለት ነው ብዬ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ሥጋ ባልፈጨሁም ነበር። ቀጥሎ የአክስቴን ፊት አየሁና እኔም ሳላውቀው አለቀስኩ።

አያ ቸኮለ ቤት ስንመለስ በግ ታርዶ ጠበቀን። የኔታ ስለታቸውን ማድረሳቸው ስለተሰማ አያ ቸኮለ ከሁሉ የሰባውን ጎድን ጠብሰው «ወንድም ዓለሜ፣ አምስት ዓመት እንዴት ቻልከው? በል ፍታበት» ብለው ፊታቸው አኖሩ። የኔታ አመሰገኑና ሳህኑን ወደ ጎን አደረጉ።

«ማንጠግቦሽ፣ ያን ነገርሽን አምጪልኝ።»

ስጎው እሳት ላይ ተጣደ። ፉርኖው የትናንት ስለነበር ደርቋል፤ አክስቴ መረቁን አብዝታ አራሰችው። የኔታ ዳቦውን ተቀብለው ባረኩ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ያዙትና ገመጡ። በጣታቸው መሐል ፈሶ ጢማቸው ላይ ወረደ፤ ጋቢያቸው ላይ ተንጠባጠበ፤ ግድ አልሰጣቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው ያኝኩ ነበር። ግማሹን ሲጨርሱ አክስቴ ዝቅ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ምነው አባቴ፣ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ምርቃት የነፈገ አፍ በምን ይናገራል ልጄ?» አሉ። ከቀረው ዳቦ ስጎ የበዛበትን ቆርሰው ጠቀለሉና እጃቸውን ዘረጉ። አክስቴ ተንበርክካ ጎረሰች። እንባዋ ከስጎው ጋር አገጯ ላይ ወረደ፤ ተነስታ ልትሄድ ስትል በክንዷ ያዟት።

«አንድ ያጣላል» አሉና ሁለተኛውን ቆረሱላት።

ከዚያ ወዲያ ስለ ቤሩት ያነሳ ሰው አልነበረም።